ንግሥቲቱ አላለቀሰችም

መምህሩ ደክሞታል። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ድካሙን ሳታውቁ ነገሩን ብትሰሙ ግትር ሽማግሌ ይመስላችኋል። ግትርስ ግትር ነው፤ እሱን አልክድም። ግን የደከመው ግትር ነው፣ ልዩነት አለው። ዕድሜውን ሙሉ ታሪክ አስተምሮ፣ ጉሮሮውን የጠመኔ ብናኝ ከርክሮት ጡረታ የወጣ፣ ጉልበቱ ደረጃ ገና ከሩቅ ሲያይ የሚያጉረመርም ሰው ነው። አሁን ደግሞ፣ አርፎ መቀመጥ በሚገባው ጊዜ፣ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ ከከተማው ዳር ወዳለ አሮጌ የዱቄት ፋብሪካ ይሄዳል። ፋብሪካው መፍጨት ካቆመ ቆይቷል። የፊልም ሰዎች ተከራይተውት በኮምፔንሳቶና በቀለም ቤተ መንግሥት አድርገውታል። ከጣራው ግን እስከ ዛሬ ዱቄት ይረግፋል፤ የንግሥቲቱ ካባ በየቀኑ ሳይራገፍ አይለበስም።

ሥራው የታሪክ አማካሪ ይባላል። ፊልሙ አገሩ ሁሉ ስሟን እየጠራ ስለሚምልባት ስለ ጥንቷ ንግሥት ነው። ዳይሬክተሩ የመምህሩ የድሮ ተማሪ ነው። ተማሪ ሲባል እንግዲህ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተደብቆ ፈረስ ሲሥል የሚውል ዓይነት ነበር። "በታሪክ ወድቆ የታሪክ ፊልም ይሠራል፤ ወይ ዘመን!" ይላል መምህሩ። ከኋላው አይደለም የሚለው፣ ፊት ለፊቱ ነው። ልጁም ይስቃል። ይወደዋል፤ ባይወደውማ ኖሮ ማን ይሸከመዋል?

ሥራው የተጀመረ ሰሞን ክርክሩ ለጉድ ነበር። ንግሥቲቱን አልጋዋ ላይ ዘውድ ደፍታ ተኝታ አገኛት።

"ልክ አይደለም! ዘውድ እኮ የሌሊት ቆብ አይደለም። እንዲህ ብትተኛ አንገቷ ይቀጫል።"

"ጋሼ፣ ዘውዱ ከሌለ ተመልካቹ ንግሥቲቱን ከገረዷ በምን ይለያል?"

ዘውዱ እንደተደፋ ቀረ። መስኮቱ ላይ መስታወት ተገጠመ። ልክ አይደለም፣ በዚያ ዘመን መስታወት የት ነበር? "ብርሃኑ ከየት ይምጣ ጋሼ?" መስታወቱም ባለበት ጸና። የቤተ መንግሥቱ ዘብ ከላይ ጥሩርና ጦር፣ ከታች የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ አድርጎ ቆመ። "እግሩ አይታይም ጋሼ፣ ካሜራው ከወገብ በላይ ነው።" ሰዎቹ ስም አወጡለት፤ ጋሼ ልክ-አይደለም። ሻይ የምታመጣው ልጅ ሳትቀር "ጋሼ ልክ-አይደለም፣ ስኳሩ ልክ ነው?" ትለዋለች። እሱም ይስቅላታል፤ ምን ያድርግ?

እያደር ግን ዝም አለ። ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም እንዲሉ፣ አፉ ይከፈትና መልሶ ይዘጋዋል። ግድግዳውን ተደግፋ የምትቆም አንዲት ወንበር አለችው፤ እሷ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን እያሸ ይውላል። ነጩን ፈረስ ጥቁር ሲያደርጉት ዝም። የሞተውን የንግሥቲቱን አማካሪ በሕይወት ሲያመጡት ዝም። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ነገሩን ተወው።

አንዲት ነገር ብቻ አልተወም። በንግሥቲቱ ዜና መዋዕል ውስጥ ያለች አንዲት ቦታ ናት። ንግሥቲቱ አንድ ልጅ ነበራት። ለጦርነት ዘምቶ ሬሳው በቃሬዛ መጣ። ጸሐፊው እንዲህ ይላል፦ ሕዝቡ ሁሉ አለቀሰ፤ ንግሥቲቱ ግን አላለቀሰችም፤ ሬሳውን አየችና፣ ከመንገድ የመጡት ፈረሶች ውሃ ጠጥተው እንደሆነ ጠየቀች። በቃ ይኸው ነው። መምህሩ ይህችን ቦታ ዓመት ዓመት ለተማሪዎቹ ሲያነብ ኖሯል። ሲያነባት ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ዳይሬክተሩ ደግሞ በዚህ ቦታ ንግሥቲቱን ደረቷን እያስመታ፣ መሬት ላይ እያንከባለለ፣ አገር ይያዝልኝ እያሰኘ ሊያስለቅሳት አስቧል።

"እሷን ካስለቀስክ ስሜን ከፊልምህ አውጣ" አለው መምህሩ።

"ጋሼ፣ በዘውድ፣ በመስታወት፣ በፈረስ ዝም ብለው፣ እዚህ ላይ ምን ነካዎት? እናት እኮ ናት! ልጇ ሞቶ የማታለቅስ እናት ባሳይ ሰው ምን ይለኛል?"

"ያለውን ይበል። አላለቀሰችም።"

ለምን እንዲህ እንደሆነ ዳይሬክተሩ አያውቅም። ለእናንተ ግን ላውጋችሁ።

መምህሩ አንድ ልጅ ነበረው። ብረት በያጅ ነበር፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ የአባቱን ታሪክ በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው የሚያፈስ። ሥራ ላይ ከሕንፃ ወድቆ ሞተ። የቀብሩ ዕለት መምህሩ ምን ሲያደርግ ዋለ? ወንበር ሲደረድር። ወንበር ጎደለ ሲባል ከጎረቤት ሲያመጣ። የሚጠጣ ውሃ መጣ ወይ፣ ሽማግሌዎቹ ጥላ አገኙ ወይ፣ ከሩቅ የመጣው ዘመድ መኪናውን የት ያቁም እያለ ሲዞር። ሚስቱ ሁለት ሴቶች በግራና በቀኝ ደግፈዋት፣ በእንባ መሀል ታየዋለች። ዓይኑ ደረቅ ነው። በማግስቱም ደረቅ። ከወር በኋላም ደረቅ።

አንድ ቀን ሳህን እያጠበች፣ ዞራም ሳታየው፣ "ልጄን እንደ እንግዳ ሸኘኸው" አለችው።  ከዚያ ወዲያ ፍራሿን ወደ ልጁ ክፍል ወሰደች። ተጣሉ እንኳ አይባልም፤ ምነው በተጣሉና በገላገላቸው! ሰላምታው አለ፣ ሻዩ አለ፣ "መድኃኒትህን ዋጥ" አለ። በዚህ ዓይነት ዓመታት ነጎዱ። ሁለት ሰው ባለበት ቤት የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ሆነ።

በቅርቡ ደግሞ ሌላ ከተማ የምትኖረው እህቷ ባሏ ሞተባት፤ "ነይ፣ አብረን እንሁን፣ እርጅናን ተደጋግፈን እንግፋው" አለቻት። እሺ አለች። ቅዳሜ ልትሄድ ነው። ለጥየቃ አይደለም፣ ለመኖር ነው። ለመምህሩ የነገረችው ሳሙና አልቋል እንደምትል አድርጋ ነው፤ "ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ ክኒንህን መሳቢያው ውስጥ ለየቀኑ ከፋፍዬ አስቀምጥልሃለሁ።" እሱም ሂጂ አላለም፣ አትሂጂም አላለም።  ኧረ ተናገር አንተ ሰው! 

በልቡ ያሰባት አንዲት ነገር ነበረች፤ የሞኝ ሐሳብ በሏት። ሚስቱ ንግሥቲቱን ብታያት! እናት ሆና፣ ልጇ ሬሳ ሆኖ ፊቷ ተዘርግቶ፣ ዓይኗ ደርቆ የቆመችውን ሴት ብታይ፤ ሰው ሳያለቅስም ውስጡ ሊነድ እንደሚችል ብታይ፣ ምናልባት ቅዳሜን ትተወው ይሆናል። ስለዚህ የለቅሶው ትዕይንት የሚቀረጽበት ቀን ሲደርስ፣ "ነይና እዪ" አላት።

"የምር ሞት ቤቴ ገብቶ አይቻለሁ። የውሸቱን ለማየት አውቶቡስ አልሳፈርም" አለችው።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። መምህሩ ሌሊቱን ሲገላበጥ ስላደረ ራሱን ይወጋዋል፤ ክኒኑንም ረስቶ ነው የወጣው። ፋብሪካው ሲደርስ ግቢው በሰው ተጥለቅልቋል። ለቀስተኛ የሚሆኑ ሴቶች ከየአቅጣጫው ተሰብስበው መጥተዋል። ልብስ አልባሿ ጥቁር ጨርቅ በትከሻዋ ተሸክማ፣ መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ ያገኘችውን ሴት ሁሉ ትጠቀልላለች። ዳይሬክተሩም ደክሞታል። ዓይኑ ቀልቷል። መምህሩን ወደ ጥግ ወሰደው።

"ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር መጨቃጨቅ ሰለቸኝ። ሁለት ጊዜ እንቅረጸው። አንድ ጊዜ እንደኔ፣ ታለቅሳለች። አንድ ጊዜ እንደርስዎ፣ አታለቅስም። ከዚያ ይመርጣሉ። ያሉትን አስገባለሁ፤ ቃሌ ነው።"

መምህሩ ማመን አቃተው። "ቃልህ ነው?"

"ቃሌ ነው። ብቻ አሁን ቁጭ ይበሉልኝ።"

ቁጭ አለ። በዚህ መሀል ሚስቱ በበሩ ስትገባ አላያትም። መሳቢያውን ስትከፍት የዕለቱን ክኒን እንዳለ አግኝታው፣ "ይኼ ሰው ዛሬ እዚያው ይደፋል" ብላ ነው ተንደርድራ የመጣችው። ገና "መምህሩ የት ናቸው?" ልትል አፏን ስትከፍት ልብስ አልባሿ ያዘቻት።

"እማማ፣ ዘገዩ እኮ! ይቁሙ፣ ክንድዎን ያንሱ።"

"እኔ እንኳ ክኒን..."

"ክኒኑን በኋላ ይውጡታል፤ አሁን ሊጀመር ነው!" አለችና ጥቁሩን ጠቅልላ፣ በመርፌ ወግታ፣ ገፋ ገፋ አድርጋ ከለቀስተኛው መሀል አቆመቻት። ሴትዮዋ በክርክር የምትታወቅ አይደለችም። ቆመች። ክኒኑን በጭብጧ እንደያዘች ቆመች።

የመጀመሪያው ተቀረጸ። ተዋናይዋ ምን ትባል! ቃሬዛው ሲገባ ጮኸች፣ ወደቀች፣ ተነሥታ እንደገና ወደቀች። ለቀስተኞቹ ተቀበሏት። ፋብሪካው በጩኸት ሲሞላ ዱቄቱ ከጣራው ይረግፍ ጀመር። መምህሩ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ "ይሁን፣ ይሁን፣ ያልፋል" ይላል ለራሱ። ያኔ ነው ሚስቱን ያያት። ከሚጮኸው ሕዝብ መሀል አንዲት ዝም ያለች ሴት። መጀመሪያ አላመነም፤ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ። እሷው ናት። ከወንበሩ ሊነሣ ቃጣ። ግን ደግሞ፣ እዩት የሰውን ልብ፣ ደስ አለው። ልታየው ነው።

ሁለተኛው ተጀመረ። ተዋናይዋ ድምፅዋ ተዘግቷል፣ ፊቷ ተጎሳቁሏል፤ ለዚህኛው ጠቀማት። ቃሬዛው ገባ። ገለጥ አድርጋ አየች። ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ በዚያው በተዘጋ ድምፅ፣ "ፈረሶቹ ውሃ ጠጥተዋል?" አለች።

 መብራት የሚይዘው ጎልማሳ አፍንጫውን ሳብ አደረገ። መምህሩ ሚስቱን አየ፤ ዓይኑ ሌላ ቦታ መሄድ አልቻለም። ይኸው፣ እዪ፣ ይላል በሆዱ፤ እዪልኝ።

"ውሸት ነው!" የሚል ድምፅ ከለቀስተኞቹ መሀል ወጣ።

"ካት!" ዳይሬክተሩ ራሱን ያዘ። "ማናት ይቺ ሴትዮ? ማን አመጣት?"

ሚስትየው ሰው እየገፋች ወደ ፊት መጣች።  "ውሸት ነው አልኩ! ማነው አላለቀሰችም ያለው?"

ዳይሬክተሩ ግራ ገብቶት ወደ ግድግዳው ጠቆመ። "ጋሼ ናቸው። የታሪክ አማካሪያችን ናቸው፣ እማማ።"

"እሱንማ አውቀዋለሁ፤ ባሌ ነው" አለች። 

መምህሩ ተነሣ። መነሣቱን ተነሣ፣ ግን አንደበቱ ወደ ለመደው ሄደ። "ዜና መዋዕሉ ላይ ተጽፏል። ጸሐፊው በዓይኑ አይቶ ነው የጻፈው፤ እዚያው ግቢ ቆሞ..."

"ግቢ ቆሞ! ግቢ የቆመ ሰው ምን ያያል? ማታ በሯን ዘግታ ስትገባ አብሯት ገብቶ ነበር? ትራሷን ዳስሶታል? እሱ ያየው ለፈረስ ውሃ ስትጠይቅ ነው። ያየውን ጻፈ። እናንተም ይኸው አላለቀሰችም እያላችሁ ስታስተምሩ ትኖራላችሁ!"

  ስንቱን በመጽሐፍ ሲረታ የኖረ ሰው፣ እዚያው ቆሞ ቀረ። ምክንያቱም እሷ የተናገረችው ስለ ንግሥቲቱ ነው፤ እሱ የሰማው ግን ስለ ራሱ ነው። የእሱን ዜና መዋዕል የሚጽፍ ቢኖር፣ "ወንበር ደረደረ፣ አላለቀሰም" ብሎ ነበር የሚጽፈው። እሱም ደግሞ ውሸት ነበር።

ዳይሬክተሩ ብልህ ነው፤ "ሻይ ጠጡ" ብሎ ሰዉን በተነ። ባልና ሚስት የቤተ መንግሥቱ የእልፍኝ በር ከተተከለበት ኮምፔንሳቶ ጀርባ፣ የልብስ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ከፊት በወርቅ ቀለም ያጌጠው በር ከኋላው ባዶ እንጨትና ምስማር ነው። ክኒኑን ሰጠችው። ላቧ አለስልሶታል። ዋጠው።

"ብለህ ብለህ የምትመስልህ ንግሥት አገኘህ" አለችው።

"አልቅሻለሁ" አለ።

"ምን?"

"አልቅሻለሁ። ትምህርት ቤት፣ ካርታ የሚቀመጥበት ክፍል ነበር። በእረፍት ሰዓት ገብቼ ከውስጥ እዘጋለሁ። ያን ዓመት በሙሉ። ዘበኛው ያውቃል፤ ሊገባ ሲል መጀመሪያ ያስላል።"

ዞራ አየችው። የጠበቀው ልቧ እንዲራራ ነበር። ምን ይራራል! ፊቷ ደም መሰለ።

"ለካርታ?"

"ቤት ከጀመርኩ የማቆም አልመሰለኝም። አንቺም..."

"እኔ በዚያ ክፍል ግድግዳውን እያየሁ ብቻዬን ሳለቅስ ስኖር፣ አንተ እንባ እያለህ? የለውም ብዬ፣ አልፈጠረበትም ብዬ ራሴን ሳጽናና ስኖር፣ እያለህ ነው ለካ የነፈግከኝ? ለግድግዳ ካርታ አልቅሰህ፣ ፊትህን ታጥበህ፣ እኔ ጋ ደረቅህን ትመጣለህ?"

ይህን አላሰበውም ነበር። እንባውን የደበቀላት ይመስለው ነበር፤ የደበቀባት መሆኑን ዛሬ ገና ሰማ።  "አላሰብኩትም" አለ። "በእግዜር፣ አላሰብኩትም።"

ዳይሬክተሩ በኮምፔንሳቶው ጠርዝ አንገቱን ብቅ አደረገ። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ብርሃኑ እየሄደብኝ ነው። የትኛውን ልያዝ? የሚያለቅሰውን ወይስ የማያለቅሰውን?"

መምህሩ ወደ ሚስቱ ሳይዞር፣ "ሦስተኛ ቅረጽ" አለው። "ፈረሶቹን ትጠይቅ። ከዚያ ትነሣና በዚህ በር ትግባ። በሩን ትዝጋው። ካሜራህ ውጭ ይቅር።"

"ይኼ መጽሐፉ ላይ አለ?"

"የለም።"

"እንዴ! እርስዎ ነዎት የሌለ ነገር ጨምር የሚሉኝ?"

"ጨምር። በኔ ይሁንብህ።"

ዳይሬክተሩ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። ወዲያው ወዲያ ማዶ መብራቱ በራ፤ "ዝግጁ!" ተባለ። ባልና ሚስቱን ውጡ ያላቸው የለም፤ ማንም አላስታወሳቸውም። በሩ ተከፈተ፣ ተዋናይዋ ገብታ ቀስ ብላ ዘጋችው። ሁለቱን ሣጥን ላይ ስታይ ደነገጠችና፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ጥጉ ላይ ቆመች። ከውጭ ካሜራው በሩን እያየ ይሠራል።

ሚስትየው ወደ ባሏ ጆሮ ጠጋ አለች። "እዚህ ካርታ የለም" አለችው፤ "እኔ ነኝ ያለሁት።"

መጀመሪያ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ትከሻው ተነቀነቀ። ከዚያ ከደረቱ ውስጥ፣ ከዓመታት ሥር፣ አስቀያሚ ድምፅ ወጣ። የሽማግሌ ለቅሶ የሚያምር ነገር የለውም፤ ሳል ይቀላቅላል፣ ንፍጥ ይቀላቅላል። የልጁን ስም ሁለት ጊዜ ጠራ። ሚስቱ አላቀፈችውም። መነጽሩን አውልቃ በቀሚሷ ያዘችለት፤ እሷም አብራ አለቀሰች። ከበሩ ወዲያ ድምፅ የሚቀዳው ሰውዬ እጁን አንሥቶ ሁሉንም ዝም አሰኘ። "ካት" የሚለውን ቃል ዳይሬክተሩ ረስቶት ነው ወይስ ፈርቶት፣ እስካሁን አልተናገረም።

ወደ ቤት የተመለሱት በአንድ አውቶቡስ ነው። መምህሩ በመስኮቱ በኩል፣ እሷ በመተላለፊያው በኩል።  እሱ አሁንም አሁንም ዓይኑን በእጅጌው ይጠርጋል፤ ቧንቧው ተበላሽቷል፣ አልዘጋ ብሎታል። ሚስቱ ስልኳን አወጣችና እህቷ ጋ ደወለች።

"እህትዓለም፣ ቅዳሜ አልመጣም" አለች። ወዲያ ማዶ እህትየው ጮክ ብላ ስታማርር ለመምህሩም ይሰማዋል። "ምን ሆኜ? ምንም አልሆንኩ። አይ፣ አልታረቅንም፤ እንዲያውም ዛሬ ነው የተናደድኩበት።" ወደ ባሏ በጎን አየት አደረገች፤ እሱ ወደ ውጭ የሚያይ መስሎ እንባው በአገጩ ይወርዳል። "ምን ላድርግ፣ እህቴ? ሰውዬው ማልቀስ የጀመረው ገና ዛሬ ነው። እንዴት ጥዬው እመጣለሁ?"